ብርዝ እየቀዱ ስለሞቱት ደራሲ

ለክቡር ዋና አርታኢ
«ጎተራ» የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «አራተኛው ድንጋይ» ስለተባለው የቤዝቦል ልብ ወለድ የተጻፈውን ገጽ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በጥበቃዎ ሥር ላሉት ገጾች ሁሉ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስ። ጤናዎ እንደ ውሳኔዎ የማይነቃነቅ፣ ዕድሜዎም በታተመ ምንጭ የተረጋገጠ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኛ በመርሳ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከመካከላችን አንዱ በእርስዎ ዘንድ ከመሞታቸው በቀር።

ስሜ ዛኪር እንድሪስ ይባላል። መርሳ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው መደዳ እህል እገዛለሁ፣ እህል እሸጣለሁ። የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ሱቄን ስዘጋ የውሎዬን ነገር በአጭሩ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ ግን ከክቡርነትዎ ጋር ያደረግነውን መጻጻፍ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ማቅረብ እችላለሁ። ተቆጥቶ የተሸጠ እህል እንደማያተርፍ ከልምድ ስለማውቅም ይህን የምጽፈው ቀዝቀዝ ብዬ ነው።

ደብዳቤው ለሕዝብ ግልጽ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ልነሳ። መምህር ብርሃኔ ተገኝ እኔንም ሆነ በግራና በቀኜ ሱቅ ከፍተው የተቀመጡትን ነጋዴዎች መደመርና መቀነስ ያስተማሩን ጡረተኛ ናቸው። በልጅነታቸው ወልድያ ሲማሩ አንድ አሜሪካዊ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ አስተምሯቸው ነበር። ዱላውን ከወይራ ጠረቡት፣ ኳሱን ከጨርቅና ከቆዳ ሰፉት፤ ሯጩ እየረገጠ የሚያልፍባቸውን አራት ማዕዘኖች ደግሞ ከወንዝ ባመጧቸው አራት ድንጋዮች ተኩ። በኋላ መምህር ሆነው መርሳ ሲመደቡ ስለዚያ ሜዳና መልካሙ ስለሚባል አንድ ልጅ «አራተኛው ድንጋይ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፉ። መጽሐፉ በደርግ ጊዜ አንዴ ታተመ፣ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ አልታተመም። ዛሬ የሚገኘው በየሰው ቤት ነው፤ እሱም ሽፋኑን የጣለው።

ክቡርነትዎ ስለዚህ መጽሐፍ ገጽ እንዳለዎት ያወቅነው ኔትወርክ ተመልሶ በመጣ ሰሞን ነው። መምህሩ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ከሱቄ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እኔ ከስልኬ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ፈገግ አሉ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሞተው አገኘናቸው። ቅሬታዎቼ እንግዲህ የሚከተሉት ናቸው።

፩. ስለ ጨዋታውና ስለ አገሩ

ገጽዎ መጽሐፉን «በሲሪንቃ ወረዳ በሀብሩ ከተማ የገና ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶችን ሕይወት የሚያስቃኝ» ይለዋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ይህን ያህል ስሕተት መጫንዎን ሳላደንቅ አላልፍም፤ እኛ አይሱዙ ላይ እንኳ እንደዚህ አንጭንም። ሀብሩ ወረዳ ናት እንጂ ከተማ አይደለችም፤ ከተማዋ እኔ ያለሁባት መርሳ ናት። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ያለበት ቀበሌ ነው፤ ወረዳ ስላደረጉት ነዋሪው እጅግ ያመሰግናል። ታሪኩ የሚፈጸመው ደግሞ ከሁለቱም ርቆ ወልድያ ነው። ጨዋታውም ገና አይደለም። በገና ኳሷን እየመቱ ወደ ባላጋራ ወሰን ይነዷታል። በቤዝቦል ግን ልጁ ኳሷን መትቶ ከቤቱ ይነሳል፣ ሦስቱን ድንጋዮች እየረገጠ ይዞራል፣ ነጥብ የሚቆጠርለትም አራተኛው ድንጋይ፣ ማለትም የተነሳበት ቤቱ፣ ሲገባ ብቻ ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት አንዴ ሲነገረኝ ነው። ከወልድያ ጭኜ ስመለስ መንገድ ላይ ሳለሁ ያተረፍኩትን ትርፍ አልለውም፤ ትርፍ የምለው ቤቴ ስገባ ነው።

ገጽዎን ማንም ገብቶ እንዲያርመው የተፈቀደ ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ በትሕትና አርሜ ገና ሻዬ ሳይቀዘቅዝ፣ ክቡርነትዎ «ምንጭ የሌለው ለውጥ» ብለው ገናውንም ሀብሩ ከተማንም ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ለዚህ ትጋትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመጋዘኔ ዘበኛ የትጋትዎ ሩብ ቢኖረው ኖሮ አይጥ ባልደፈረኝ ነበር።

፪. ስለ አጨራረሱ

ገጽዎ ልጁ መልካሙ ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦበት ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ቆሞ ሳለ መጽሐፉ እንደሚያበቃ ይናገርና፣ «ደራሲው ሆን ብሎ ክፍት በተወው በዚህ አጨራረስ የአንድ ትውልድን ቤት አልባነት አሳይቷል» ይላል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ «ይኼን ያህል ጥልቅ መሆኔን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት» አሉ። እውነቱ ግን አጭር ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ያልታተመው ማተሚያ ቤቱ ወረቀት አለቀብኝ ስላለ ነው። ሆን ብሎ ክፍት የተወው ሰው ካለ የማተሚያ ቤቱ የወረቀት መጋዘን ጠባቂ ነው፤ የትውልዱን ቤት አልባነት ስለማሰቡ ማረጋገጫ የለንም።

ያ ምዕራፍ ዛሬም በመምህሩ እጅ ነው። ስንት ጊዜ እየገለበጡ እንዳሻሻሉት እርሳቸው ያውቃሉ። በዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት መጽሐፉ ይህን ምዕራፍ ይዞ እንደገና ሲታተም ማየት ነው። ሐውልት አልጠየቁም፣ በስማቸው ትምህርት ቤት ይሰየም አላሉም። ክቡርነትዎ ይህችን ምኞት እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ የቀረው ደብዳቤ የሚዞረው እርሷን ነውና።

፫. ስለ ሞታቸው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ገጽዎ መምህር ብርሃኔ ባለፈው ዓመት በወርኃ ጥር «በመርሳ ከተማ አርፈዋል» ይላል። ማስረጃው የአንድ የአካባቢ የፌስቡክ ገጽ ዜና ነው፤ ዜናውም «የደራሲ መምህር ብርሃኔ ተገኝ ተዝካር በደማቅ ሁኔታ ተከናወነ» የሚል ነው። ዜናው ትክክል ነው። ተዝካሩ ተከናውኗል፣ በደማቅ ሁኔታም ነበር፤ እኔም በልቻለሁ።

ሆኖም ክቡርነትዎ ያደጉበት አገር ልማዱ ላይኖር ስለሚችል ላስረዳ። መምህሩ ባለቤታቸውን እትዬ እልፍነሽን የቀበሩ፣ ልጅም ያልወለዱ ሰው ናቸው። በክርስቲያኖቹ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ከሞተ በኋላ ተዝካር የሚያወጣለት እንዳያጣ ስለሚሰጋ፣ በሕይወት ሳለ ራሱ ይደግሳል፤ ይህም የቁም ተዝካር ይባላል። ካህናቱ ይጸልያሉ፣ ጎረቤት ይበላል፣ ባለተዝካሩም ቆሞ ያስተናግዳል። ለእኛ ለሙስሊሞቹ በሬው ለብቻ ታርዶ፣ ብርዙም ለብቻ ተበጥብጦ ነበር። ዜናውን የጻፈው ልጅ የእኛው ሰፈር ልጅ ስለሆነ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማብራራት አላስፈለገውም።

እሺ፣ ልማዱን ባያውቁት አልፈርድም። ነገር ግን ክቡርነትዎ ያንኑ ዜና ምንጭ ሲያደርጉ ፎቶግራፉንም ወስደው ከገጹ ራስጌ ለጥፈዋል። በፎቶግራፉ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለእድራችን ሊቀመንበር ለሸህ አብዱሰመድ ብርዝ የሚቀዱት ሰው ሟቹ ናቸው። ከሥሩም ክቡርነትዎ «ደራሲው፣ በተዝካራቸው ዕለት» ብለው ጽፈዋል። ብዙ አገር ዞሬ ነግጃለሁ፤ ሟች እንግዳ የሚያስተናግድበት አገር ግን ከገጽዎ ሌላ አላጋጠመኝም። በእኛ ሙያ የማሽላ ጆንያ ከአፉ ታይቶ አይገዛም፤ አፉ ነጭ፣ ሆዱ ነቀዝ ሊሆን ስለሚችል ወጋ አድርገው ከውስጥ ያዩታል። ክቡርነትዎ ግን ጆንያውን መውጋት ይቅርና አፉ ላይ ቆሞ ብርዝ የሚቀዳውን ሰው እንኳ አላዩትም።

፬. ስለ ምንጭ

«በሕይወት ስለመኖራቸው ምንጭ ያቅርቡ» ባሉኝ ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያ፣ መምህሩ ከጎኔ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ እንደሆነ ጻፍኩ። ይህ «የግል ትውውቅ» ስለሆነ ምንጭ አይሆንም አሉኝ። ባለቤቴ አሚና ይህን ስትሰማ «ትናንት ከባጃጅ ሾፌር ጋር በታሪፍ ሲከራከሩ የሰማኋቸው ታዲያ ማን ናቸው? ጀናዛቸው ነው?» አለች። ይህንንም ምንጭ አድርጌ ልጨምረው አስቤ ተውኩት።

ቀጥሎ መምህሩ ራሳቸው በስማቸው ተመዝግበው፣ እኔ እየጻፍኩላቸው፣ እጅግ ጨዋነት ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «ይህ መጽሐፍ የእኔ ነው፤ አልሞትኩም፤ ሲመችዎ ያርሙልኝ» የሚል። ክቡርነትዎ ወዲያውኑ «የሟችን ስም በሐሰት በመጠቀም» ብለው ለዘላለም አገዷቸው። መምህሩ እንዴት እንደሳቁ ብነግርዎ ደስ ይልዎታል። ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ዛኪር፣ ተዝካሬን በልተህ ስታበቃ ልታስነሳኝ ትሞግታለህ? ድግሱን ልትመልስ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ የቀበሌ መታወቂያና ጡረታ የሚወስዱበትን የመኖር ማረጋገጫ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ክቡርነትዎም ወረቀቱ ብርሃኔ ተገኝ የሚባል ሰው በሕይወት መኖሩን እንጂ ይህ ሰው ደራሲው መሆኑን አያሳይም፤ ደራሲው ሞተዋልና ሌላ ሰው መሆን አለበት ሲሉ መለሱልኝ። ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ቀዳዳ የለውም። ግራ የገባው ገዢ ሚዛኑን ሲጠራጠር እኔ የምሰጠውን መልስ ይመስላል።

በመጨረሻ ወደ ቅሬያችን ሄድኩ። እርስዎ ባሉበት እድር የሚሉት በእኛ ቅሬ ይባላል፤ በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ጠሪው ይዞራል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ያልወጣ ይቀጣል። ስለዚህ በመርሳ ተደብቆ መሞት አይቻልም። ሸህ አብዱሰመድ ነገሩን ሰምተው «እኛ ያልቀበርነውን ማን ቀበረው? መቃብሩን ያሳዩንና እኛም እንመን» አሉ፤ ደብዳቤ አጽፈው ማኅተም አስመቱበት። ክቡርነትዎ ግን ቅሬው «ለጉዳዩ ባለቤት ቅርብ ስለሆነ ገለልተኛ አይደለም» ብለው መለሱት። ይህን ሳነብላቸው ሸሁ መቁጠሪያቸውን አቁመው «ቅሬ ከሟች ካልቀረበ ማን ይቅረብ?» አሉኝ። ጥያቄውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

ወልድያ ድረስ ሄጄም አንድ ጋዜጠኛ አስቸግሬአለሁ፤ እርስዎ የታተመ ነገር ከፈለጉ ይታተም ብዬ ነው። ልጁ ትሑት ነው፤ ነገሬን ጨርሼ እስክናገር ጠበቀኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ገጽዎን ከፈተ፣ አነበበ፣ ዘጋ፤ ተነስቶም እጄን ይዞ «አላህ ያጽናችሁ» አለኝ።

፭. ስለ ወራሽ

እስካሁን ያለው ሁሉ ቀልድ መስሎ ቢታይዎ አልከፋም፤ እኛም ስቀንበታል። ሳቁ የቆመው ከአዲስ አበባ አንድ አሳታሚ «አራተኛው ድንጋይ»ን እንደገና ማተም እንደሚፈልግ በጻፈልን ቀን ነው። መምህሩ የዚያን ዕለት ከጆንያው ላይ እንደ ልጅ ተነሱ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከቤታቸው አምጥተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ከብርሃን ጋር እየታገሉ ለሸህ አብዱሰመድ፣ ለአሚናና ለእኔ አነበቡልን። ጨው ልትገዛ የመጣች ሴት ጨውዋን ይዛ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች። ከዚያ የአሳታሚውን ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ገለጥኩ፦ ደራሲው በሕይወት ስለሌሉ ወራሾቻቸው ቀርበው ይፈርሙ ይላል። የሞታቸው ማስረጃ ተብሎ የተጠቀሰው የክቡርነትዎ ገጽ ነው።

መምህሩ በስልክ አነጋገሯቸው። ከወዲያ ያለው ሰው በጣም ጨዋ ነበር፤ አባትዬ፣ በዚህ ዘመን አታላይ ስለበዛ አይዘኑብኝ ብሎ ዘጋው። አዲስ አበባ ሄደው በአካል እንዳይታዩ ልባቸው ደካማ ነው። መንገዱ ደህና የሚሆንበትን ሳምንትና እርሳቸው ደህና የሚሆኑበትን ሳምንት ማገጣጠምም አልቻልንም። አሳታሚው በመጨረሻ ያለ ወራሽ ፊርማ አላትምም፣ ያልታተመውን ምዕራፍም የሟቹ ስለመሆኑ ወራሽ ካላረጋገጠ አልቀበልም አለ።

ነጋዴ ነኝና በር ሲዘጋ መስኮት እፈልጋለሁ። እሺ፣ ወራሽ ከፈለጉ ወራሽ እንስጣቸው ብዬ፣ መምህሩ ኑዛዜ አድርገው እኔን ወራሽ እንዲያደርጉኝ ተስማማን። ፍርድ ቤት ሄጄ የወራሽነት ማረጋገጫ ጠየቅሁ። እዚያ ያገኘኋት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በትዕግሥት ሰምታኝ፣ ሰውየው በሕይወት እያሉ ወራሽ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሲሞቱ የሞት ማስረጃ ይዤ እንድመጣ አስረዳችኝ። ልክ ነች። በዚህ አገር ሕጉን በትክክል ስላስረዳችኝ ላመሰግናት እወዳለሁ፤ በዚያ ወር የሰማሁት ብቸኛው ትክክለኛ ነገር ነበርና።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ያለንበት ቦታ ይኼ ነው። ለአሳታሚው መምህሩ ሞተዋልና ያለ ወራሽ አይሆንም። ለፍርድ ቤቱ መምህሩ አልሞቱምና ወራሽ አይኖርም። ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ የቁም ተዝካር ባልደገሱ ነበር፤ የቁም ተዝካር ባይደግሱ ኖሮ እርስዎ ባልገደሏቸው ነበር፤ እርስዎ ባይገድሏቸው ኖሮም ልጅ የሚጠይቃቸው ባልነበረ። ልጁ መልካሙ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ የቆመው ዝናብ መጥቶበት ነው። መምህሩ የቆሙበትን ግን ዝናብ ልለው አልደፍርም፤ ዝናብ ያባራል።

ተስፋ አድርጌ እንደማልጽፍ ከዚህ ይረዱልኝ። ይህ ደብዳቤ ቢታተም እንኳ የጻፈው የሟቹ ወዳጅ ስለሆነ ገለልተኛ እንደማይሆን አውቃለሁ። በቅርቡ ወደ ሆስፒታል ወስጃቸው ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ካነጋገረኝ ወዲህም አንድ ነገር ገብቶኛል። ጉዳዩ መፍትሔ አለው። ገጽዎ ልክ የሚሆንበት፣ ፍርድ ቤቱ ማረጋገጫውን የሚሰጥበት፣ አሳታሚው ውሉን የሚፈርምበት አንድ ቀን አለ። ሁሉም መሥሪያ ቤት የየድርሻውን ጨርሷል፤ የሚጠበቀው ከመምህር ብርሃኔ አንዲት ትብብር ብቻ ናት፤ እርሳቸውም አቅማቸው በፈቀደ መጠን እየተባበሩ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮኛል። በዚያ ቀን መጽሐፉ የመጨረሻውን ምዕራፍ ይዞ ይታተማል። ማየት የፈለጉት ሰው ብቻ አይኖሩም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ምን እንደሚል፣ ልጁ አራተኛው ድንጋይ ይድረስ አይድረስ፣ ክቡርነትዎ ሳያጓጓዎት እንደማይቀር እገምታለሁ። ብነግርዎ በወደድኩ። ነገር ግን ያልታተመ ነገር በገጽዎ ዋጋ እንደሌለው ደጋግመው አስተምረውኛል፤ እኔም ተማሪ ነኝና ትምህርቱን አከብራለሁ። እኛ፣ ሸህ አብዱሰመድ፣ አሚና፣ ያቺ ጨው ገዢ ሴትና እኔ፣ ሰምተነዋል። ለእርስዎ ክፍት ይሁንልዎ።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም አንድ ሰው ነፍስ ይማር ሲባልለት በጆሮው እንዲሰማ ዕድል ስለሰጡት፣ እያመሰገንኩ፣ የገጽዎ ዘብነት እንዲጸና፣ እርስዎም አንድ ቀን ስለራስዎ የተጻፈ ገጽ የሚያነብልዎ ወዳጅ እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ከብዙ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዛኪር እንድሪስ
እህል ነጋዴ፣ ገለልተኛ ያልሆነ
መርሳ፣ ሀብሩ (ወረዳ)

ግልባጭ፦
ለሰፈራችን ቅሬ፤
ለመምህር ብርሃኔ ተገኝ፣ በሕይወት ስላሉ፣ በእጅ።

ማሳሰቢያ፦ ኑዛዜው ለፍርድ ቤቱ ባይጠቅምም ለነገ ይሁን ብለን ትናንት በምስክሮች ፊት ጨረስነው። መምህሩ ትራስ ተደግፈው ቀና ብለው ፈረሙ፣ እስክሪብቶውን መለሱልኝ፣ ከዚያ እጄን ሳይለቁ «ዛኪርዬ፣ እንግዲህ አትቸኩልብኝ» አሉኝ። ሸህ አብዱሰመድ ሳቁ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ አልቸኩልም። ቅሬው አይቸኩልም። ፍርድ ቤቱም ሲሞቱ ና ብሎ በትዕግሥት እየጠበቀ ነው። ከመላው አገር የቸኮሉባቸው ክቡርነትዎ ብቻ ነዎት።